ዕቁቡን አስቀድሞ የከፈለው ጥበቃ

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

በባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የአስተዳደር ኃላፊ ሆኜ ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ከሠራተኛ ጋር ተካስሼ አላውቅም፤ አሁን ግን ትዕግሥቴ አልቋል። በሰሜኑ ጦርነት ቆስሎ ከሠራዊቱ የተሰናበተ አንድ ሰው በ2016 ዓ.ም. በንብረት ክፍል ቀጠርን። መዝገቡ እንከን የለውም፤ አንድ ኪሎ ስኳር እንኳ ጎድሎበት አያውቅም። ነገር ግን ጠዋት ያረፍዳል። ስብሰባ ላይ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ ስለማይቀመጥ ሰው እያስነሣ ወንበር ይለዋወጣል። ባለፈው ጥር በአንድ ሠርግ ላይ ርችት ሲተኮስ የመጋዘኑን በር ወለል አድርጎ ትቶ ጠፋና ከሁለት ሰዓት በኋላ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጀርባ ተቀምጦ አገኘነው። አንድ አስተናጋጅ በጨዋታ ከኋላው ትከሻውን ቢይዘው ዘሎ አነቀው። ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጻፍኩለት፤ ሁለቱንም ያለ አንዳች ቃል ፈርሞ ተቀበለ። ሠራተኞቹ «ኮማንዶው» ይሉታል፣ የሆቴሉ ባለቤት ደግሞ «ሆቴል ነው ወይስ ካምፕ የምታስተዳድሪው?» እያሉ እኔን ይወቅሱኛል።

እኔ ያላደረግሁት የለም። ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስደው ስለነገረኝ ከሁለት ወር በፊት ወደ ሌሊት ጥበቃ አዛወርኩት፤ መሣሪያ አያያዝ ስለሚያውቅም የሆቴሉን ጠመንጃ ተረከበ። ማርፈዱ ቀረ፤ ከቀን ጥበቃዎቹ ጋር በርክክብ ሰዓት መጋጨቱ ግን አልቀረም፣ አንዱም በጽሑፍ አቤት ብሎብኛል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንኳ ረጋ ብሏል። ዕቁብ ወጥቶለት ቀሪውን መዋጮ ለዕቁቡ ዳኛ አስቀድሞ ከፈለ፣ የቡና ሻጯን የቆየ ዱቤ ዘጋ፣ ከላዩ የማያወልቀውን ካፖርትም ለአትክልተኛው ልጅ ሰጠው። ሥራ ሊለቅ መሰናዳቱ ነው ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ መልቀቂያ ግን እስከ ዛሬ አላስገባም። ባለቤቱ በየቀኑ ይጠይቁኛል፣ አቤቱታውም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። መልቀቂያውን ልጠብቅ ወይስ ራሴ ላሰናብተው? አገሩን ያገለገለ ሰው ማባረርስ በሕግም በእግዚአብሔርም ዘንድ አያስጠይቀኝም?

ግራ የገባት፣ ከባሕር ዳር

መልስ

እህቴ፣

ደብዳቤዎን አንብቤ እንደጨረስኩ በሰጡኝ ስልክ ደውዬ ዋናውን ነግሬዎታለሁ። ጠመንጃውን በዚያው ምሽት እንደተረከቡት፣ ይጠይቁት ያልኩዎትንም እንደጠየቁት ስለነገሩኝ ነው ይህን በረጋ መንፈስ የምጽፈው። በእርስዎ ፈቃድ የማወጣውም ጥበቃም፣ ንብረት ሠራተኛም፣ ሾፌርም አድርገው ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው የቀጠሩ ሌሎች እንዲያነቡት ነው። ሰውየው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ።

ስለ ማርፈዱ፣ ስለ ወንበሩና ስለ ርችቱ በስፋት ጻፉልኝ፤ ስለ ዕቁቡ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ዕቁብ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ሥራ ላይ አውሎ መዋጮውን በየሳምንቱ ይከፍላል፤ ዕቁብ የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። የሚመጡትን ሳምንታት ሁሉ በአንድ ቀን ከፍሎ፣ ዱቤውን ዘግቶ፣ ካፖርቱን አውልቆ ለሌላ የሰጠ፣ ለወራት ሲቃጠል ከርሞም በድንገት የረጋ ሰው ሥራ ሊለቅ ነው ብለው ገመቱ። እኔ ግን ሕይወቱን ሊተው ነው ብዬ ፈራሁ። ሁልጊዜ እንዲያ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን እነዚህ ምልክቶች አንድ ላይ ሲታዩ ቆሞ መገመት አይገባም። በዚያ ላይ ጠመንጃ እጁ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ለአጭር ሰዓት ስለሆነ በዚያች ሰዓት መሣሪያ አጠገቡ አለመኖሩ ብቻውን ሰው ያተርፋል።

እዚህ ላይ እቆጣዎታለሁ። እንቅልፍ ያጣን ሰው እንቅልፍ የለውምና ሌሊት ይጠብቅ ማለት ምን ማለት ነው? የራበውን ሰው መብላት አይወድም ብሎ ከማዕድ እንደማስነሣት ነው። ለብቻው፣ በጨለማ፣ መሣሪያ ይዞ የሚያድርበትን፣ ማለትም ሸሽቶት የመጣውን ሌሊት፣ በደመወዝ መልሰው ሰጡት። በክፋት እንዳላደረጉት አውቃለሁ፤ ሊረዱት ፈልገው ነው። ሆኖም ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎቹ ሁሉ ይልቅ የጎዳው ይህ ዝውውር ይመስለኛል።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ላስረዳ። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ አይዘራም። በሽሙጥ ወይም በተግሣጽ ሳይሆን ለብቻው አስቀምጦ፣ ፊት ለፊት፣ ነገሩን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ይገባል። አዎ ካለ ብቻውን አይተውም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይወሰዳል። በከተማችን ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። መሣሪያውን ስትረከቡም ቆጠራ ነው፣ ጥገና ነው እያላችሁ አትዋሹ፤ ወታደር ነው፣ ይገባዋል። «እንቅልፍህ እስኪመለስ ድረስ እኔ ጋ ይቀመጥ» ማለት ይበቃል።

በዚህ ጉዳይ ሚዛናዊ ልሆን አልችልም፤ ምክንያቴ የገዛ አባቴ ታሪክ ነው። አስመራ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ስትያዝ እዚያ ከነበረው ጦር አንዱ ነበር፤ በሱዳን በኩል ዞሮ ቤቱ ገባ። ሐኪሞች ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚከተል የአእምሮ ጭንቀት ለሚሉት ሕመም የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በመዝገባቸው ስም የሰጡት በ1972 ዓ.ም. ነው። አባቴ ሲመለስ ስሙ 11 ዓመት ሆኖት ነበር፣ እኛ ሰፈር ግን አልደረሰም። እኛ የምናውቀው ሌሊት እንደሚጮኽ ብቻ ነበር። ከጣሊያን የጦር ካሣ በ1953 ዓ.ም. በተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረ። ፎርማኑ ያደረገለት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጀርባው ግድግዳ ላይ፣ ፊቱ ወደ በር የሚሆንበትን ቦታ ሰጠው፣ ሌሎቹንም ከሩቅ ስሙን ሳትጠሩ አትቅረቡት አላቸው። አዝንልሃለሁ ብሎት አያውቅም። አባቴ በዚያ ቦታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራ፤ እኔም የተማርኩት በዚያ ደመወዝ ነው።

የእርስዎም ሰው ወደ ንብረት ክፍሉ፣ ወደ ቀን ሥራው ይመለስ። ወንበሩን ራሱ ይምረጥ። ርችት ያለበት ሠርግ ሲኖር ሰዓቱ አስቀድሞ ይነገረው፣ ከፈለገም ለዚያ ሰዓት የውጭ ግዢ ይሰጠው። «ኮማንዶው» የሚለው መጠሪያ ዛሬውኑ ይቁም፤ በሰውየው ፊት ሳይሆን ሠራተኞቹን ለብቻቸው ጠርተው ይንገሯቸው። አስተናጋጁን ማነቁን ቀላል ነገር ነው አልልም። ይቅርታ ይጠይቀው፣ ልጁም ምን እንደነካ ይረዳ።

በሕግ በኩል ባለቤቱ ይህን ይስሙ፦ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሕክምና ማስረጃ ሲያቀርብ በ12 ወራት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። አእምሮ ሲታመም ሕመም አይደለም የሚል አንቀጽ የለም። ሰው ሳይታከም ማሰናበት አያስጠይቀኝም ወይ ላሉት፣ በእኔ ዘንድ ያስጠይቅዎታል።

ዘመዶቹ ጠበል ይግባ እንዳሉ በስልክ ነግረውኛል። ይግባ፤ እምነቱ ነው፣ ብቻውንም አያደርገውም። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘለት ግን አያቋርጥ፤ በዚህ ጉዳይ የሚያማክሩትን ካህን ቀድመው ያነጋግሩልኝ።

የሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮው ማክሰኞ ጠዋት ነው ብለውኛል። የማክሰኞውን ስብሰባ ለምክትልዎ ይስጡና አብረውት ይሂዱ፤ ተራ ሲጠብቁም ፊቱ ወደ በሩ ይሁን።