የሞሮ ክሪስ ልትገዛ ነው? ጥለቱን ለጊዜው ተወው

ሰላም ወንድሜ። «ከፊሊፒንስ የመጣ ጠመዝማዛ ሰይፍ አግኝቻለሁ። ብረቱ ላይ ጅማት ጅማት የመሰለ ጥለት አለው። ሻጩ ጥለቱ የዕድሜው ማስረጃ ነው ይላል። ልግዛው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ እዚህ አሜሪካ እነዚህን ሰይፎች ስሰበስብ ቆይቻለሁ፤ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ጥለት ዕድሜ አይናገርም። የሚናገረው ስለ አሠራሩ ነው። በደቡብ ፊሊፒንስ፣ በሚንዳናኦና በሱሉ ደሴቶች የሚኖሩት ሞሮ የሚባሉት ሙስሊሞች ክሪስ፣ ባሮንግና ካምፒላን የተባሉ ሰይፎች ይሠራሉ። አንጥረኛው የተለያየ ብረት ደራርቦ በእሳት ያጣብቃል፤ አንዳንዴም ንብርብሩን እንደ ገመድ ይገምደዋል። በኋላ ሎሚ ወይም ሌላ አሲድ ሲነካው ንብርብሩ ቀለም ይለያይና መስመሩ ይወጣል። ይህ ዛሬም ይሠራል። የባሰው ደግሞ ተራ ብረት ላይ በአሲድ መስመር ሥሎ የሚሸጥ አለ።

ለመለየት ወፍራሙን ቦታ እይ። ባሮንግ ከሆነ ጀርባውን፣ ክሪስ ከሆነ ከእጀታው ሥር ያለውን ጎን። እውነተኛ ንብርብር እዚያም ይቀጥላል፤ የተሣለው ግን ፊቱ ላይ ብቻ ይቀራል። ጥለቱ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሚደጋገም ከሆነም ተጠራጠር። የድሮ የሞሮ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ድብዝዝ ያለ ነው። በብዙዎቹ ላይ ጭራሽ አይታይም፤ የአሜሪካ ወታደሮች ወደ አገራቸው ወስደው ወልውለው አጥፍተውታል።

ለክሪስ ዕድሜ እኔ መጀመሪያ የማየው ጋንግያውን ነው። ከእጀታው በላይ ሰፋ ብሎ፣ አንድ ጎኑ የዝሆን ኩምቢ የመሰለ ቅርጽ የተቆረጠበት ክፍል አለ አይደል? እሱ ነው። በድሮዎቹ ጋንግያው ለብቻው ተሠርቶ የሚገጠም ብረት ነው። 20ኛው ክፍለ ዘመን እየገፋ ሲሄድ ግን ከሰይፉ ጋር አንድ ወጥ አድርገው፣ መጋጠሚያው ላይ መስመር ብቻ መጫር ጀመሩ። አጉሊ መነጽር ያዝ። መስመሩ ዙሪያውን በሙሉ ይሄዳል? ውስጡ ጥቁር ስንጥቅ አለ ወይስ ጭረት ብቻ ነው? ይህ ብቻውን ቁርጥ ያለ ማስረጃ ባይሆንም ከሻጩ አፍ ይሻላል።

በነገራችን ላይ፣ ክሪስ ሁሉ ጠመዝማዛ አይደለም። ቀጥ ያለም፣ ግማሹ ብቻ የተጠማዘዘም አለ፤ ቀጥ ያሉት ጥሩ ጥሩ ሰይፎች ናቸው፤ ጀማሪ ግን ያልፋቸዋል። ከጃቫው ክሪስም እንዳታምታታው፤ የጃቫው በዋናነት የሚወጋ ጩቤ ሲሆን የሞሮው ትልቅና ለመቁረጥም የሚያገለግል ሰይፍ ነው።

እጀታና ሰገባው ከሰይፉ ያነሰ ዕድሜ ካላቸው አትደንግጥ። እንጨት ያረጃል፣ ይቀየራል። ሰይፉን ከእጀታው ጋር የሚያስሩት የብር፣ የናስ ወይም የመዳብ ማሰሪያዎች አሳንግ አሳንግ ይባላሉ፤ እነሱ ካሉ ደስ ይበልህ። የእጀታው ራስ የዝሆን ጥርስ ከሆነ ግን ድንበር ከማሻገርህ በፊት ሕጉን ጠይቅ፤ ጣጣው ብዙ ነው። ከፊሊፒንስ በቀጥታ ቅርስ ለማውጣትም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ወሬውን ደግሞ ተጠንቀቅ። እዚህ ያሉት ብዙዎቹ የመጡት አሜሪካ ከሞሮዎች ጋር እስከ 1913 (እ.ኤ.አ.) በተዋጋችባቸው ዓመታት በወታደሮች ሻንጣ ነው። ስለዚህ ሻጩ ሁሉ «ቡድ ዳጆ ላይ የተማረከ» ይልሃል። ቡድ ዳጆ በሱሉ ያለ ተራራ ነው፤ እዚያ በ1906 ሴቶችና ሕፃናት ጭምር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞሮዎች በአሜሪካ ወታደሮች ተገድለዋል። ከዚያ ተራራ የተነሣ ዕቃ በእርግጥ ካለ ለእኔ የሚያኮራ ምልክት አይደለም፤ የመቅደላን ነገር የሚያውቅ ሰው የምለው ይገባዋል። በዚያ ላይ ወረቀት ከሌለ ለወሬ አትክፈል። የወታደሩ ደብዳቤ ወይም የድሮ ፎቶ ካለ ግን ሌላ ነው፤ ዋጋም ይጨምራል።

ከገዛህ በኋላ በአሸዋ ወረቀት እንዳትነካው። ቀይ ዝገቱን በዘይትና በጨርቅ ቀስ እያልክ አውጣ፤ ጥቁሩን ተወው። ጥለቱን በአሲድ ላውጣ ካልክም ሻጩ ቤት ሳይሆን በኋላ፣ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ሆኖ።

አሁን ሻጩን በቀን ብርሃን ያለ ፍላሽ አራት ፎቶ ጠይቀው፤ የጋንግያውን መስመር በሁለቱም ፊት፣ የእጀታ ሥሩን ጎን፣ ሙሉውን ሰይፍ ከነሰገባው። አላነሣም ካለ ተወው። ካነሣልህ እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።