ኢንተርኔት ሲጠፋ መብራቱ ይበራል? የስማርት ቤት ጥያቄና መልስ

ቤትን በትንሽ ኮምፒውተር ስለማስተዳደር ጥያቄ ያላችሁ ላኩ ብዬ ነበር። ብዙ መጣ፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። እኔ የምመርጠው በአንድ መስፈርት ነው፦ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ቤቱ ሥራውን መቀጠል አለበት።

ጥያቄ፦ ራስፕቤሪ ፓይ 4 የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር አለኝ፤ ጀማሪ ነኝ። ሆም አሲስታንት፣ ኦፕንሃብ ወይስ ዶሞቲክዝ?

ሆም አሲስታንት። ሦስቱም ቤት የሚያስተዳድሩ ነፃ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ሦስቱም እቤትህ ውስጥ ይሠራሉ። ግን ሆም አሲስታንት የሚያውቃቸው ዕቃዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ አብዛኛውን ነገር ኮድ ሳትጽፍ በስክሪኑ ላይ ትጨርሳለህ። በ2013 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ኦፕን ሆም ፋውንዴሽን በሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሥር ነው። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ፓይህ ቢያንስ 2 ጊጋ ራም ይኑረው። ኦፕንሃብ በጃቫ የተሠራ ጠንካራ ሶፍትዌር ነው፤ ለመልመድ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ያለህ አሮጌና ደካማ ፓይ ቢሆን ኖሮ ዶሞቲክዝን እልህ ነበር፤ በጣም ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ አምፖሌ በራሱ አፕ ጥሩ እየሠራ ነው። ለምን ልልፋ?

የኢንስቲዮንን ነገር ላስታውስሽ። በአሜሪካ የታወቀ የስማርት ቤት ኩባንያ ነበር። ሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ሰርቨሮቹ ሳይነገር ተዘጉ፤ የደንበኞቹ አፕም ሥራ አቆመ። በኋላ ደንበኞች ራሳቸው ኩባንያውን ገዝተው መለሱት እንጂ ነገሩ እዚያው ሊያበቃ ይችል ነበር። ያንቺን እንዲህ ሞክሪው፦ ራውተሩን ሳታጠፊ የኢንተርኔቱን ገመድ ብቻ ንቀይ። የስልክሽን ዳታ ዝጊ። አሁን አፑን ከፍተሽ አምፖሉን አብሪ። እምቢ ካለ፣ መብራትሽን የሚያበራው ሌላ አገር ያለ ኮምፒውተር ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ያዋጣል?

ያዋጣል፤ ግን አራት ነገር ተጠንቀቅ።

መጀመሪያ ሜሞሪ ካርዱ። ሆም አሲስታንት ቀኑን ሙሉ ይጽፋል። እየጻፈ መብራት ሲሄድ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። የኔ በስምንተኛ ወሩ ሞተ፤ ባክአፕ ስላልነበረኝ ሁሉንም ከዜሮ ጀመርኩ። ኤስኤስዲ በሚባለው ጠንካራ ማከማቻ ተካው፤ ባክአፑንም ሌላ ቦታ አስቀምጥ።

ሁለተኛ፣ ለፓይውና ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ ግዛ።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፦ ፓይ 4 በባትሪ የሚሄድ ሰዓት የለውም። መብራት መጥቶ ኢንተርኔት ካልመጣ ሰዓቱ ይሳሳታል፤ በሰዓት ያዘዝከው ሁሉ ይዛባል። ፓይ 5 ሰዓት አለው፤ ባትሪውን ለብቻ ገዝተህ ትሰካለታለህ። ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ካገኘህ ደግሞ ለሰዓቱ የራሱ ባትሪ አለው፤ እኔ አሁን የምጠቀመው እሱን ነው። በነገራችን ላይ ትእዛዙን የምትጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ማለት 18:30 ነው።

አራተኛ፣ ስማርት አምፖሎች መብራት ሲመለስ ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ይበራሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት መኝታ ቤቱ ቦግ ሲል ልጅ ያስነሳል። አምፖሉ የሚፈቅድ ከሆነ ሴቲንጉ ውስጥ ገብተህ «እንደነበረ ይቀጥል» የሚለውን ምረጥ።

ጥያቄ፦ ዚግቢ ወይስ ዋይፋይ?

ዚግቢ እንደ ዋይፋይ ያለ ገመድ ዕቃዎችን የሚያገናኝ ሲግናል ነው። ለሴንሰር ዚግቢ፤ በትንሽ ባትሪ ረጅም ጊዜ ይቆያል። የዚግቢውን የዩኤስቢ መቀበያ ፓይው ላይ በቀጥታ አትሰኩት፤ በማራዘሚያ ገመድ አርቁት። ዩኤስቢ 3 ሲግናሉን ይረብሸዋል።

ጥያቄ፦ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሮቶው ሲሞላ ፓምፑ በራሱ ይጥፋልኝ።

ይቻላል፤ እኔም የምወደው ሥራ ነው። የውኃ መጠን ሴንሰርና ኢኤስፒ 32 የምትባለውን ትንሽ ሰሌዳ ግዛ፤ ኢኤስፒሆም የሚባለውን ሶፍትዌር ጫንባት። «ሲሞላ አጥፋ» የሚለውን ትእዛዝ ግን ፓይው ላይ ሳይሆን ሰሌዳዋ ላይ ጻፈው። ፓይው ቢሞትም ዋይፋይ ባይኖርም ፓምፑ ይጠፋል። «ከ40 ደቂቃ በላይ አትሥራ» ዓይነት ገደብም ጨምርበት፤ ደቂቃውን በሮቶህ ልክ አስተካክለው። ፓምፕ ሲነሳ ብዙ ከረንት ይስባል፤ ስለዚህ ሰሌዳዋ በምታዝዛት ትንሽ ማብሪያ (ሪሌ) በቀጥታ እንዳታበራው። መሀል ላይ ብዙ ከረንት የሚችል ማብሪያ (ኮንታክተር) ይግባ፤ እሱን ደግሞ ኤሌክትሪሻን ይሥራው። የድሮውን ተንሳፋፊ ኳስም አትንቀለው።

ጥያቄ፦ እኔ ዱባይ ነኝ፤ እናቴ አዲስ አበባ። ከዚህ ሆኜ ማየት እችላለሁ?

ትችያለሽ። የራውተሩን በር ለዓለም ክፍት አድርገሽ ግን አይሁን። ቴይልስኬል ወይም ዋየርጋርድ ተጠቀሚ፤ በስልክሽና በቤቱ መካከል የተቆለፈ መስመር ይዘረጋልሻል። ማስጠንቀቂያው ወደ ስልክሽ የሚመጣው በጉግል ወይም በአፕል ሰርቨር በኩል ስለሆነ፣ እዚያ ቤት ኢንተርኔት ሲጠፋ አይደርስሽም። ዝም ሲልሽ ሁሉ ሰላም ነው ብለሽ አትቀመጪ፤ ደውዪላቸው።

እና አንድ ነገር አደራ፦ ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ አታስነሺ። ከኋላው ሳጥኑ ውስጥ የምትገባ ስማርት ሪሌ አለች፤ ሳጥኑ ውስጥ ኒውትራል (የመመለሻ) ሽቦ መኖሩን አስቀድመሽ ለኤሌክትሪሻን አሳዪ። እማማ እንደለመዱት በጣታቸው ጠቅ ሲያደርጉ መብራቱ ይብራላቸው።