ማሽን የጻፈውን የቤት ሥራ እንዴት ላርመው?

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ11ኛ ክፍል የታሪክ መምህር ነኝ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የምሰጠውን የቤት ሥራ የሚሠራው ተማሪው ሳይሆን ቻትጂፒቲ የተባለው ጽሑፍ የሚያመነጭ ፕሮግራም እየሆነ ነው። በክፍል ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ማዋቀር የሚቸግረው ልጅ እንከን የማይወጣለት የሁለት ገጽ ጽሑፍ ያስረክበኛል። ፈተና ስሰጥም የጠዋቱ ፈረቃ ጥያቄውን በስልክ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ለከሰዓቱ ፈረቃ ያደርሰዋል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በማሽን የተጻፈውን ጽሑፍ ይለያል የሚባል ድረ ገጽ አሳይቶኛል። በእርሱ ተመርኩዤ ዜሮ ልስጥ ወይስ የቤት ሥራ መስጠቴን ላቁም?
ስሜ እንዳይገለጽ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ከሁሉ አስቀድመን የምንለምንዎ በዚያ ድረ ገጽ ላይ ተመርኩዘው ለማንም ተማሪ ዜሮ እንዳይሰጡ ነው። እንዲህ ያሉ መለያዎች በአብዛኛው የሚመዝኑት የቃላቱ አመራረጥ ምን ያህል አስቀድሞ ሊገመት እንደሚችል ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው ደግሞ በሚያውቃቸው ጥቂት ቃላትና በተለመዱ አገላለጾች ስለሚወሰን ጽሑፉ በቀላሉ የሚገመት ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት መለያዎችን ሲፈትኑ፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፈል ለተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ ፈተና ከጻፏቸው 91 ድርሰቶች ውስጥ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በስሕተት «የማሽን ሥራ» ተብለዋል። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕን ኤአይም ራሱ ያወጣውን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ከአገልግሎት አውጥቶታል። እንግዲህ በእርስዎ ክፍል ውስጥ መዝገበ ቃላት ይዞ ሌሊቱን የደከመው ልጅ ቀድሞ ሊከሰስ ይችላል፤ ማሽኑን «እንደ ደካማ ተማሪ አድርገህ ጻፍልኝ» ብሎ ያዘዘው ግን ሊያመልጥ ይችላል። ይህ በአንድ ወጣት ላይ ሊፈጸም የማይገባው በደል ነው።

ኩረጃ ዛሬ የመጣ አይደለም። ሆኖም አጤሬራ የሚያዘጋጅ ተማሪ ቢያንስ ምዕራፉን ማንበብና በዚያች ብጣሽ ወረቀት ላይ የሚሰፍረውን መምረጥ ነበረበት፤ የዛሬው ተማሪ ግን ጥያቄውን ራሱን እንኳ ሳያነብ ፎቶ አንሥቶ መልሱን ሊገለብጥ ይችላል። እኛን የሚያሳስበን ከደንብ መጣሱ ይልቅ ይህ ነው፤ ልጁ ከትምህርቱ ጋር ጨርሶ ሳይገናኝ ክፍል ያልፋል።

የስርጭቱን ፍጥነትም አገራችን በከባድ ዋጋ አውቃዋለች። የ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ ግንቦት 22 ቀን ተሰርዟል፤ በተከታዩ ዓመት ፈተናው ሲሰጥ ኢንተርኔት ተቋርጧል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው በዚያው እያደሩ እንዲፈተኑ ተደርጓል። በዚያ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ወረቀቱ ተጠበቀ፤ የጎደለው ዕውቀት ግን በጥበቃ አልተሞላም። ለእርስዎ የፈረቃ ችግር መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለሁለቱ ፈረቃዎች የተለያየ ፈተና ያውጡ፣ ስልኮችም ከፈተናው በፊት ተሰብስበው ይቀመጡ። የቤት ሥራው ነገር ግን ከዚህ የጠለቀ ነው።

በደብዳቤዎ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ማዋቀር ይቸግረዋል ያሉት ነው። ታሪክን የሚያስተምሩት ልጁ ሐሳቡን በቅጡ በማይገልጽበት ቋንቋ ነው። ስለዚህ ማሽኑን ከሚጠቀሙት መካከል አንዳንዶቹ ሐሳቡ ኖሯቸው ቃል ያጡ ናቸው፤ ሌሎቹ ሐሳቡም የላቸውም። ሁለቱን በአንድ ዜሮ መቅጣት ተገቢ አይመስለንም። ለመለየትም ሶፍትዌር አያስፈልግዎትም። ልጁን ለብቻው ይጥሩትና የጻፈውን በአማርኛ እንዲያስረዳዎ ይጠይቁት። ካስረዳ ሐሳቡ የእርሱ ነው፤ የቀረው የቋንቋ ሥራ ነውና ያንኑ በራሱ እንግሊዝኛ፣ ስሕተቱ ሳያስፈራው፣ እንደገና ይጻፈው። ካላስረዳ ወረቀቱን መልሰው በክፍል ውስጥ፣ በእርስዎ ፊት፣ በእጁ እንዲሠራው ያድርጉ። ይህን ደጋግሞ የሚፈጽም ካለ የትምህርት ቤቱ ደንብ ይፈጸምበት። የተማሪው ቁጥር ብዙ እንደሆነ እናውቃለን፤ በየክፍለ ጊዜው ሁለት ወይም ሦስት ልጆች በዕጣ ቢጠየቁ እንኳ የቀሩት ተዘጋጅተው መምጣት ይጀምራሉ።

የቤት ሥራ መስጠቱን አያቁሙ፤ ጥያቄውን ግን ይለውጡ። «የጦርነቱን መንስኤዎች ዘርዝር» የሚል ጥያቄ ማሽኑ በሰከንዶች ይመልሰዋል። እርስዎ ያሉት ግን ወሎ ውስጥ ነው። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ የደረሰባቸው አባቶችና እናቶች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ። ተማሪው ከቤተሰቡ ወይም ከጎረቤቱ አንድ አዛውንት ጠይቆ የሰማውን በአማርኛ ይጻፍ፣ ከዚያ በመማሪያ መጽሐፉ ካለው ጋር የሚስማማውንና የሚለያየውን በአጭር እንግሊዝኛ ያስቀምጥ፤ በመጨረሻም በክፍል ፊት ይጠየቅበት። ፈጥሮ የሚጽፍ አይጠፋም፤ ነገር ግን አዛውንቱ በዚያን ጊዜ የት እንደነበሩ፣ ማን እንደተለያቸው፣ እርዳታ እንዴት እንደደረሳቸው ሲጠየቅ የሰማና ያልሰማ ይለያል። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ የሚገኘው ጽሑፍ ከማሽኑ ሁለት ገጽ በላይ ለልጁም ለእርስዎም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

አንድ ነገር ግን ብቻዎን ሊፈጽሙት አይችሉም። በእርስዎ ክፍል የሚመለስበት ወረቀት በጂኦግራፊ ክፍል ሙሉ ነጥብ የሚያስገኝለት ከሆነ ተማሪው የሚማረው የትኛው መምህር እንደሚቆጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቀጣዩ ወሰነ ትምህርት በፊት ጉዳዩን ለትምህርት ክፍልዎ ስብሰባ ያቅርቡ፤ ማሽኑ ለምን ዓይነት ሥራ እንደሚፈቀድ፣ ለምን ዓይነቱ እንደማይፈቀድ፣ ተማሪውም ሲጠቀምበት እንዴት ማሳወቅ እንዳለበት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለተማሪዎችም ለወላጆችም አንብቡላቸው።