የቀድሞ አምባሳደሮች ማኅበር በር ይከፍትልኛል ወይ?

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሌሎቹ አንባቢዎች ባጭሩ ላስቀምጠው። በ12 ዓመትሽ ከአዲስ አበባ ወደ ቨርጂኒያ መጣሽ። አሁን የአሜሪካ ዜጋ ነሽ፤ ዓለም አቀፍ ግንኙነት እያጠናሽ ሦስተኛ ዓመት ደርሰሻል። በቅርቡ አንድ ጡረታ የወጡ አምባሳደር ዩኒቨርሲቲያችሁ መጥተው ንግግር አደረጉ። የአሜሪካ የዲፕሎማሲ አካዳሚ አባል መሆናቸውን ሰማሽ፤ ካርዳቸውንም ሰጡሽ። አሁን የምትጠይቂኝ ይህን ነው፦ እዚህ ማኅበር እንዴት ልግባ? አምባሳደሩ የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፉልኝ ስቴት ዲፓርትመንት (የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ይቀጥረኛል? በዚህ አክሰንቴስ ማን ዲፕሎማት ያደርገኛል? "ረፍዶብኛል መሰለኝ" ብለሽም ጽፈሻል። እናትሽ ደግሞ "ነርሲንግ ተምረሽ እረፊ" ይላሉ።

ከማኅበሩ ልጀምር። አካዳሚ ይባል እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም። በ1983 ዋሽንግተን ውስጥ የተቋቋመ፣ ከመንግሥትም ከፓርቲም ነፃ የሆነ ማኅበር ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መሥራቾቹ ኤልስወርዝ በንከር፣ አሌክሲስ ጆንሰንና ጆን ማክሎይ ናቸው። በንከር በቬትናም ጦርነት ጊዜ ሳይጎን የነበሩት አምባሳደር ናቸው፤ በፓናማ ቦይ ስምምነት ላይም ተደራድረዋል። ከዚያ በፊት ግን በስኳር ንግድ ላይ ነው የኖሩት። መጀመሪያ አምባሳደር ሆነው ሲሾሙ ዕድሜያቸው ከ50 አልፎ ነበር። አንቺ ገና ዩኒቨርሲቲ አልጨረስሽም፤ የረፈደብሽ ነገር የለም።

እዚህ ማኅበር በማመልከቻ አይገባም። አባላቱ ናቸው አዲስ አባል የሚመርጡት፤ የሚመርጡትም በአምባሳደርነት ወይም በተመሳሳይ ከፍተኛ ኃላፊነት ያገለገለ ሰው ነው። ስለዚህ አሁን አትገቢም።

ግን ሥራቸው በቀጥታ ይመለከትሻል። እነዚህ ሰዎች ጡረታ ከወጡ በኋላ የተሰባሰቡት ሙያው እንዳይወድቅ ብለው ነው። በ2011 የዲፕሎማቶች ትምህርትና ሥልጠና እንዲጠናከር የሚጠይቅ ጥናት አወጡ። በ2015 ደግሞ የአሜሪካ ዲፕሎማሲ አደጋ ላይ ነው የሚል ሪፖርት ይዘው ብቅ አሉ። በፈተና ገብቶ ከታች ያደገው ባለሙያ ቦታ በፖለቲካ ሹመት እየተያዘ ነው፣ ይህም አገር ይጎዳል ብለው ተከራከሩ። እኔም በዚህ ከልቤ እስማማለሁ። ዲፕሎማሲ ጥሩ እንግሊዝኛና ጥሩ ሱፍ ብቻ አይደለም፤ እንደ ማንኛውም ሙያ ተምረው የሚካኑት ነው። ሁለቱን ሪፖርቶች አንብቢያቸው። የምትገቢበት መሥሪያ ቤት የት ላይ እንደሚያመው ገና ሳትገቢ ታውቂያለሽ።

የድጋፍ ደብዳቤውን ተይው። እኛ ሀበሾች ሥራ ሲባል መጀመሪያ "ሰው አለሽ ወይ?" ነው የምንለው። ፎሪን ሰርቪስ (የስቴት ዲፓርትመንት የዲፕሎማቶች አገልግሎት) የሚገባው ግን በፈተና ነው። ፈተናው አለ፣ የቃል ግምገማው አለ፣ የጤና ምርመራው አለ፣ የደህንነት ማጣሪያው አለ። ሁሉን አልፈሽም ተራ ትጠብቂያለሽ። የተለየ ዲግሪ አይጠየቅም። ከቆንስላ፣ ከኢኮኖሚ፣ ከማኔጅመንት፣ ከፖለቲካና ከሕዝብ ግንኙነት ዲፕሎማሲ አንዱን የሥራ ዘርፍ ትመርጫለሽ። የፒከሪንግና የራንጀል ፌሎውሺፖች የማስተርስ ትምህርት ከፍለው፣ በምላሹ አገልግሎት እያስገቡ ብዙ ወጣት ወደዚህ ሥራ አምጥተዋል። ዕቅድሽን በእነሱ ላይ ከመገንባትሽ በፊት ግን የዘንድሮውን ማስታወቂያ እዪ።

ታዲያ ካርዱ ምን ይሠራል? ብዙ ይሠራል፤ ጥያቄ ይዘሽ ከሄድሽ። ለአምባሳደሩ ሲቪ አትላኪ። አምስት መስመር ኢሜል ይበቃል። ማን እንደሆንሽ፣ ከንግግራቸው የቱ ነገር እንደያዘሽ፣ ከዚያም አንድ ቁርጥ ያለ ጥያቄ። "ምን ይመክሩኛል?" አይደለም። "የመጀመሪያ ምድብዎ ላይ የጻፉትን ሪፖርት አለቃዎ ሲመልስልዎ ምን ብሎ ነበር ያረመው?" ዓይነት ጥያቄ ይሁን። ዕድሜውን በዚህ ሥራ ላይ ያሳለፈ ሰው እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። እኛ በትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለትን ነው ጨዋነት ብለው ያሳደጉን። እዚህ ግን ዝም ካልሽ ፍላጎት የላትም ነው የሚሉሽ። ይሉኝታውን ለዚህች ቀን አስቀምጪው።

አክሰንት ላልሽው፣ የአምባሳደር ቴረንስ ቶድማንን ታሪክ ልንገርሽ። ቶድማን ከቨርጂን ደሴቶች የመጡ ጥቁር ሰው ናቸው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስቴት ዲፓርትመንት ሥራ ሊገቡ ሲሉ አነጋገራቸው ሙሉ በሙሉ አሜሪካዊ አይመስልም ተባሉ። እሳቸው ግን በዚያ አልተመለሱም፤ ገቡ። በ1957 ለሥልጠና አርሊንግተን ተላኩ፤ አንቺ ካለሽበት ብዙም አይርቅም። ነጮቹ ባልደረቦቻቸው ምሳ የሚበሉት መንገድ ተሻግረው አንድ ሬስቶራንት ነበር። ያኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ጥቁርና ነጭ አብሮ አይበላም፤ ቶድማን አይስተናገዱም። አለቆቻቸው የግዛቲቱ ሕግ ነው ቢሏቸውም አልተቀበሉም፤ ወደ ላይ እየወጡ ተከራከሩ። በመጨረሻ መሥሪያ ቤቱ የሬስቶራንቱን ግማሽ ተከራየና ሠራተኛው ሁሉ በእኩልነት የሚበላበት አደረገው። ቶድማን ከዚያ በኋላ ከቻድ እስከ አርጀንቲና በስድስት አገሮች አምባሳደር ሆኑ። ዛሬ የስቴት ዲፓርትመንት ካፍቴሪያ በስማቸው ይጠራል።

ይህን በራሳቸው አንደበት ታገኚዋለሽ። የዲፕሎማሲ ጥናትና ሥልጠና ማኅበር የሚባል ሌላ ድርጅት አለ፤ የተቋቋመው በ1986 ነው። ከ2,500 በላይ ቃለ መጠይቆች ከቀድሞ ዲፕሎማቶች ሰብስቧል፤ በነፃ ይነበባሉ። በአገር የተደራጁም አሉ፤ ኢትዮጵያም አለችበት። በጃንሆይ ዘመን አዲስ አበባና አስመራ የሠሩ፣ አብዮቱ ሲፈነዳ እዚያው የነበሩ ሰዎች ያዩትን ይናገራሉ። ወላጆችሽ የኖሩበትን ዘመን ከኤምባሲው መስኮት ታይበታለሽ። አንዳንዱ ላይ ትናደጂ ይሆናል። ቢሆንም አንብቢው።

አሁን ደግሞ በእጅሽ ስላለው ነገር። የስቴት ዲፓርትመንት የቋንቋ ትምህርት ቤት አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አማርኛን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ እንዲችል 44 ሳምንት ይመድብለታል፤ ወደ 1,100 የክፍል ሰዓት። አንቺ ከቤት ይዘሽው መጥተሻል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ከእናትሽ ጋር የምታወሪበት አማርኛ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ስለ በጀት ጉድለት፣ ስለ ምርጫ ቦርድ፣ ስለ ድርድር የተጻፈ ዜና ሳትደናቀፊ ታነቢያለሽ? በየሳምንቱ አንድ የሪፖርተር ዜና ምረጪ። በእንግሊዝኛ ግማሽ ገጽ ጻፊ፦ ምን ሆነ፣ ለምን ሆነ፣ ለዋሽንግተን ምን ማለት ነው። "ይመስለኛል" የምትይውን "አውቃለሁ" ከምትይው ለይው። አንድ የፖለቲካ ጉዳይ ዲፕሎማት ከኤምባሲ የሚጽፈው በመሠረቱ ይህንኑ ነው።

ስለ ደህንነት ማጣሪያው ማንም ቀድሞ አይነግርሽም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ኤስ ኤፍ 86 የሚባል ፎርም ትሞያለሽ። 10 ዓመት የኖርሽባቸውን አድራሻዎች ይጠይቃል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶችሽንና ቅርብ ወዳጆችሽን ይጠይቃል። ወደ ውጭ ያደረግሻቸውን ጉዞዎች ይጠይቃል። ለውጭ ዜጋ ገንዘብ ትረጃለሽ ወይ ይላል። ለአያትሽ በየበዓሉ የምትልኪው ብር እዚህ ውስጥ ይገባል። መላኩ ጥፋት አይደለም፤ መደበቁ ነው ጥፋት። ደረሰኞቹን አስቀምጪ። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) ካለሽም ፎርሙ ላይ ጥቀሺው። በጓሮ በር፣ በሰው እጅ የሚሄድ ገንዘብ ካለ ከአሁኑ በባንክ ወይም በሕጋዊ ሐዋላ አድርጊው። የአጎቶችሽንና የአክስቶችሽን ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ ሥራ ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ጻፉ። በኛ ቤት የልደት ቀን በሁለት አቆጣጠር ስለሚምታታ ይህ ብቻውን ቅዳሜና እሑድ ይበላል።

አንድ ነገር ደግሞ አስቢበት። አዲስ ዲፕሎማት ከመጀመሪያዎቹ ምድቦቹ በአንዱ አብዛኛውን ጊዜ ቪዛ መስኮት ላይ ነው የሚቀመጠው። እንጦጦ መንገድ ኤምባሲው ጋ ዶክመንቱን አቅፎ የሚሰለፈውን ሰው ታውቂዋለሽ፤ ምናልባት ከቤተሰብሽ አንዱ ነው። አንቺ ከመስታወቱ ማዶ ትሆኛለሽ። ደቂቃዎች ብቻ ይኖሩሻል፤ ብዙ ጊዜም "አይሆንም" ትያለሽ። አገሩ የትም ይሁን፣ መልኩ የእናትሽን የሚመስል ሰው ፊትሽ ይቆማል። ሕጉን ሳትጥሺ ሰውዬውን አክብረሽ ማናገር ትችያለሽ? ለአምባሳደሩ ሌላ ጥያቄ ካጣሽ ይህን ጠይቂያቸው፤ መጀመሪያ መስኮት ላይ ሲቀመጡ እንዴት እንደቻሉት።

እናትሽን አትጋፊያቸው። የፈሩት ሙያውን ሳይሆን ፈተናው ባይሳካ ባዶ እጅሽን መቅረትሽን ነው። ፍርሃታቸው መሠረት አለው፤ ብዙ ሰው ይፈተናል፣ ጥቂት ያልፋል። ስለዚህ ሁለተኛ መንገድ አሳዪያቸው። ስታቲስቲክስ ወይም የሕዝብ ጤና ኮርሶችን ጨምሪ። ሥራው ከካውንቲ ጤና ቢሮ እስከ እርዳታ ድርጅት ድረስ ይፈልግሻል፤ ፈተናውንም በየጊዜው እየሠራሽ መፈተን ትችያለሽ። ይህን በወረቀት አድርገሽ ከቡና በኋላ አንብቢላቸው።

ኢሜሉን በዚህ ሳምንት ላኪ፤ ካርድ ሲቆይ ይረሳል። የመጀመሪያውን ግማሽ ገጽ ስትጽፊ ደግሞ ለእኔ ላኪልኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ እመልስልሻለሁ።