ለጸጥታ ጥያቄዎ የተሰጠ መልስ

ውድ ጠያቂ፣ ቀኑን ፒያሳ ሱቅ ውለው፣ ማታም የጎረቤት ቴሌቪዥን በግድግዳው እየተሰማ፣ እግዚአብሔርን የሚያዳምጡበት ጸጥታ ከየት እንደሚገኝ ጠይቀዋል። እኔም ደሴ ነዋሪ ስለሆንኩ የባጃጁን ጡሩምባና የረዳቶቹን ጥሪ በሚገባ አውቀዋለሁ።

አባቶች አርምሞ የሚሉት አፍን መዝጋት ብቻ ሳይሆን ልብን መሰብሰብም ነው። ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ሳለ እግዚአብሔር በነፋሱም፣ በምድር መናወጡም፣ በእሳቱም ውስጥ እንዳልነበረ፣ ዝግ ያለው ድምፅ የመጣውም ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ እንደሆነ ተጽፏል።

እኔን የጠቀመኝ ሌሊት 11 ሰዓት መነሣት ነው። በዚያ ሰዓት ከጦሳ ተራራ የወረደው ጭጋግ መስኮቱን ሸፍኖት ይቆያል፤ ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ፣ የዕለቱን ዳዊት ዝግ ብዬ ካነበብኩ በኋላ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ምንም ሳልለምን እቀመጣለሁ። (እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳስብ የቆየሁት ስለ ቤት ኪራይ ነበር።) የቤተ ክርስቲያኑን ደወልም ሆነ አዛኑን እንደ ረብሻ አልቆጥራቸውም፤ ሁለቱም ወደ ጸሎት ይጠራሉና።

ሰፋ ያለ ጊዜ ካገኙ፣ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ወደ አስተማሩበት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይሂዱ። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴቶች ስለማይገቡ፣ ሴት ከሆኑ በሐይቁ ዳር መቀመጥ ይችላሉ፤ ብቻ ሰው ሳይበዛ በማለዳ ይድረሱ።