አሮጌ ሞተር ሳይክል፣ የተበየደ ክንድ፦ መካኒኩ ይጠየቃል?

ጥያቄ፦ የቆየ ሞተር ሳይክል አለኝ። የኋላውን ጎማ የሚይዘው ክንድ (ስዊንግ አርም) በመሰንጠቁ ወደ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ከሌላ ሞተር የወጣ ያገለገለ ክንድ ራሱ ፈልጎ ገጠመልኝ፤ የክፍያውን ግማሽ ሰጠሁት። ብዙም ሳልነዳው ጎማው ተንጋደደ፣ ካቴናውም በአንድ ጎኑ ይበላ ጀመር። ሌላ ባለሙያ ሲያየው ክንዱ ተጣሞ የተቃና መሆኑን፣ ከቀለሙ ሥርም የብየዳ ጠባሳ እንዳለበት ነገረኝ። መካኒኩ ግን «ሞተሩ አሮጌ ነው፣ ላገለገለ ዕቃ ዋስትና የለም፣ የተጻፈ ውልም የለንም» እያለ ቀሪውን ክፍያ ይጠይቀኛል። መብቴ እስከምን ድረስ ነው?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመው ሞተሩን ያቁሙት፤ ክንዱንም ማንም እንዳይፈታው ያድርጉ። የመጀመሪያው ለሕይወትዎ፣ ሁለተኛው ለክርክርዎ ነው። ብየዳው በጉዞ ላይ ቢከፈት ጉዳቱ በእርስዎ ላይ ብቻ አይቆምም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። «ያበላሸው መካኒኩ ነው» ማለት በኋላ መካኒኩን ለመክሰስ ይጠቅምዎት ይሆናል፤ የተጎዳው ሰው እርስዎን ከመጠየቅ ግን አያግደውም። በዚያ ላይ ጉድለቱን እያወቁ መንዳት የራስዎን የካሳ ጥያቄ ያዳክማል፤ ቁጥር 1802 ተጎጂው ጉዳቱ እንዳይባባስ የሚችለውን እንዲያደርግ ይጠብቅበታል።

የጽሑፍ ውል አለመኖሩ አያስጨንቅዎት። ሕጉ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል በቃል ይጸናል (ቁጥር 1719)። መካኒኩ ሞተሩን ተረክቧል፣ ዋጋ ተስማምታችኋል፣ ግማሹን ተቀብሏል። የማስረዳቱ ሸክም ግን የእርስዎ ስለሆነ የተላላካችሁትን መልእክት፣ የከፈሉበትን ደረሰኝና ሲያስረክቡ አብሮዎት የነበረውን ሰው አይርሱ። ቀሪውን ክፍያ የጠየቀበት መልእክት ካለ ደግሞ በጥንቃቄ ይያዙት፤ ውል የለንም የሚል ሰው በየትኛው ውል ገንዘብ እንደሚጠይቅ ማስረዳት ይቸግረዋል።

የውሉ ዓይነት በቁጥር 2610 የተመለከተው ነው፤ ሠሪው በራሱ ኃላፊነት አንድ ውጤት ሊያስገኝ ይገባል። መካኒኩ ለፍቻለሁ ማለቱ ብቻውን አይበቃም፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሞተር ማስረከብ ነበረበት።

«ሞተሩ አሮጌ ነው» የሚለው ሰበብ ግማሽ እውነት ስላለው ሰፋ አድርገን እንየው። በቆየ ሞተር ላይ ክንዱን ከሻሲው ጋር የሚያስረው ረጅሙ ቡሎን ዝጎ ይጣበቃል፣ ቦኮላው (ቡሎኑ የሚያልፍበት ቀለበት) ይበላል፣ አዲስ ክንድም በቀላሉ ላይገኝ ይችላል። ያገለገለ ዕቃ መግጠም የተለመደ የሆነውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ባለሙያው ይህን ሁሉ እያወቀ ነው ሥራውን የተቀበለው። ዕድሜ መከላከያ የሚሆነው አስቀድሞ ሲነገር ነው። «ቡሎኑን በመዶሻ ካላስወጣሁት አይወጣም፣ የሻሲው ጆሮም ሊሰነጠቅ ይችላል» ብሎ ነግሮዎት እርስዎም ከፈቀዱ፣ ያንን አደጋ ተቀብለዋል። ሳይነግርዎ መትቶ ከሰነጠቀው ግን ዕዳው የእሱ ነው። የዕድሜ ክርክር በእርግጥ የሚሠራው በካሳው ስሌት ላይ ነው። ካቴናውና የሚዞርበት ጥርስ ቀድሞውንም ያለቁ ከነበሩ በአዲስ ዋጋ አይጠይቁ፤ ዳኛው ከገንዘቡ ሲቀንስ በእርስዎ ላይ ያለውን እምነትም አብሮ ይቀንሳል።

ስለ ዋስትናው፦ ዕቃውን ያቀረበው መካኒኩ ስለሆነ ስለ ጥራቱ እንደ ሻጭ ይጠየቃል፤ ቁጥር 2287 እና 2289ም ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገውን ጥራት እንዲይዝ ይጠይቃሉ። ያገለገለ ክንድ ሊቧጨር፣ ቀለሙም ሊላጥ ይችላል። ጠማማ ክንድ ግን ለምንም ሞተር አይሆንም። ዋስትና እንደሌለው አስቀድማችሁ ተስማምታችሁ ከነበረ አቋምዎ ይላላል፤ እንዲህ ያለው ስምምነት ጉድለቱን በተንኮል የደበቀን ሰው ግን አያድነውም። ስለዚህ ብየዳውን ማን እንደቀባው ማወቅ ዋጋ አለው። ክንዱን ገዝተው ያመጡት እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር፤ ዋናው ተጠያቂ ሻጩ ሆኖ፣ መካኒኩ ለአገጣጠሙና የባለሙያ ዓይን ሊያየው ለሚገባው ጉድለት ብቻ ይጠየቅ ነበር።

ከመፈታቱ በፊት ክንዱን ከሁለቱም ጎን ፎቶ ያንሡት። ከማሰሪያው ቡሎን መሐል እስከ ጎማው ዘንግ መሐል ያለውን ርቀትም በግራና በቀኝ ያስለኩ፤ ልዩነቱ በቁጥር ከተቀመጠ ብዙ የምስክር ክርክር ያስቀራል። ሁለተኛው ባለሙያ ያየውን ጽፎ ይፈርምልዎት። ከዚያም ለመካኒኩ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡት፦ ጉድለቱን ይግለጹ፣ ሲፈታ እንዲገኝ ይጋብዙት፣ የሚያስተካክልበትንም ተገቢ ጊዜ ይወስኑለት። ቁጥር 1772 ይህን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። ሳያስጠነቅቁ ሌላ ጋራዥ አስጠግነው ደረሰኝ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ያለአግባብ የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። በሽያጭ ሕጉም ጉድለቱን ሳይዘገዩ ማስታወቅ ግዴታ ሲሆን (ቁጥር 2292)፣ ካስታወቁ በኋላ ክሱ በ1 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (ቁጥር 2298)።

ቀሪውን ክፍያ አሁን የመክፈል ግዴታ የለብዎትም። የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ያልተዘጋጀ ሰው ሌላውን ፈጽምልኝ ሊል አይችልም (ቁጥር 1757)። ሆኖም ደብዳቤዎ «አልከፍልም» አይበል፤ «ሥራው እንደ ውሉ ሲጠናቀቅ እከፍላለሁ» ይበል።

የተሰነጠቀው የመጀመሪያ ክንድ የት እንዳለም ይጠይቁ። ንብረቱ የእርስዎ ነው፤ ትክክለኛውን ልክ ለማነጻጸርም ይጠቅማል። መካኒኩ ሸጦት ከሆነ ያገኘው ገንዘብ ከሚጠይቀው ክፍያ ላይ እንዲቀነስ በዚያው ደብዳቤ ይጠይቁ።