«ፈትተህ ውሰድ» ካሉህ ምን ይዘህ ትሄዳለህ?

ባለፈው ጽሑፌ ከቆመ መኪና ዕቃ ስለመፍታት ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ግማሹ ጎንደሬ የሞተ መኪና ላይ ዓይኑን ጥሏል ማለት ነው። አይፈረድበትም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ያለችውን አስታምሞ መንዳት ነው። አዲስ ዕቃ ዋጋው አይቀመስም። አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው መላክም የራሱ ወጪ አለው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ሰላምታውንና ምርቃቱን ለራሴ አስቀርቻለሁ።

ጥያቄ፦ የአዘዞው ወንድማችን ዲኤክስ ኮሮላ አለው። አንድ ግቢ ውስጥ የቆመች መሰሏን አግኝቷል። ባለቤቱ «ራስህ ፈትተህ ውሰድ፣ በዋጋ እንስማማለን» ብሎታል። ዲናሞ (ባትሪ የሚሞላውን)፣ ሞተሪኖ (ሞተር የሚያስነሣውን) እና አንድ በር ይፈልጋል። የጎረቤቱን መካኒክ ሙሉ የመፍቻ ሳጥን ልዋስ ወይ ይላል።

መልስ፦ ሳጥኑን ተወው፣ ወገብህን ትጎዳለህ። ቶዮታ በአብዛኛው በ10፣ በ12 እና በ14 ይፈታል። 17 እና 19 ጨምር፤ ለጎማው 21። ቡሶላ (ብሎኑ ጭንቅላት ላይ የሚጠልቀው መፍቻ) ካለህ ከነማራዘሚያው ያዝ። ባለ ስድስት ማዕዘኑ ቢሆን ይሻላል፤ ባለ አሥራ ሁለቱ የዛገ ብሎን ጭንቅላት ይልጣል። 10 ቁጥርን ሁለት አድርገህ ያዝ፣ አንዱ ሞተሩ ሥር መውደቁ አይቀርም። ጠፍጣፋና መስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ መፍቻው ላይ የሚሰካ ክንድ የሚያህል ቱቦ። በቃ።

ከተቻለ በዋዜማው ሂድ። ብሎኖቹን በብሩሹ ጥረግና የዛግ ማስለቀቂያ ንፋባቸው። ከሌለህ ናፍታ የነካ ጨርቅ ጠምጥመህ አሳድር። በነጋታው ቀጥታ ለመፍታት አትታገል። መጀመሪያ ጭንቅላቱን በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው። ከዚያ ለአመል ያህል ወደ ማጥበቂያው ግፋው። ከዚያ ፍታው። «ጭቅ» የምትል ድምፅ ከሰማህ ዛጉ ለቀቀ ማለት ነው። ባትሪ ካለው የኔጋቲቩን ገመድ አስቀድመህ አላቅ።

ሰው ዘወትር የሚረሳው ግን ሌላ ነገር ነው። አሮጌውን ዕቃ ይዘህ ሂድ! ዲናሞ ሁሉ ዲናሞ ይመስላል። ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ግን የመያዣው ጆሮ በግማሽ ጣት ይለያያል፣ ቺንጊያው የሚያርፍበት ቦይ አንዱ አንድ ነው፣ አንዱ አራት። ሽቦ ከመንቀልህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ። ባለቤቱ ከፈቀደ ሶኬቱን ከስንዝር ሽቦው ጋር ቁረጠው፤ ያንተው ተሰብሮ ከሆነ ትገላገላለህ። ብሎኑን፣ ክሊፑንና ጎሚኒውን ሁሉ በፌስታል እየለየህ የምን እንደሆነ ጻፍበት። ሱቅ ሄደህ ለየብቻ ልግዛ ብትል የትም አታገኘውም። ለበሩ ሰው ይዘህ ሂድ። የመጨረሻው ብሎን ሲወልቅ በሩ እግርህ ላይ ነው የሚያርፈው።

ደግሞ ዋጋ ሳትቆርጥ አንድ ብሎን እንዳትነካ። ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ለፍተህ ካወጣኸው በኋላ ጥለኸው እንደማትሄድ ባለቤቱም ያውቃል።

ጥያቄ፦ የሞተ መኪና ሬዲዮ ይሠራል?

መልስ፦ የሞተው መኪናው ነው። ባትሪ ይዘህ ሂድና እዚያው ሞክረው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ያለች እህት የቪትሷ የፊት መብራት ተሰብሮ «የቪትስ ነው» ተብላ ያገለገለ ገዛች። አልገጠመም። ሻጩን የሰደበችውን ስድብ እዚህ አልደግመውም።

መልስ፦ ሻጩ አልዋሸም፣ የቪትስ ነው። ግን ቪትስ አንድ አይደለችም። በፈረንጆቹ 1999 የወጣችው፣ በ2005 የተተካችውና በ2010 መጨረሻ የመጣችው ሦስት የተለያዩ መኪኖች ናቸው፤ መብራታቸውም አይዋዋስም። በስም አትግዢ። ኮፈኑ ሥር ወይም የበሩ ምሰሶ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች። ኤስሲፒ 10፣ ኬኤስፒ 90፣ ኬኤስፒ 130 የሚል ዓይነት ጽሑፍ ታገኛለሽ። እሱን ፎቶ አንስተሽ ሂጂ።

ሌላም አለ። እኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነው የምንነዳው። ጃፓን በግራ ነው። ከጃፓን መኪና የወጣ መብራት አጭሩ ሲበራ ጨረሩ በግራ በኩል ከፍ ይላል። እኛ ጋ ግራ ማለት ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ነው። ከመግዛትሽ በፊት ማታ ግድግዳ ላይ አብሪው። የብርሃኑ ጫፍ ከፍ ማለት ያለበት በቀኝ በኩል ነው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለ የአክስቱ ልጅ «እዚህ ጥቂት ዶላር ከፍለህ ትገባለህ፣ የፈለግከውን ራስህ ፈትተህ ትወጣለህ» ብሎታል። ለምን እኛ ጋ የለም?

መልስ፦ እኛ ጋ መኪና አይጣልማ! ሞተሩ ይሄዳል፣ በሩ ይሄዳል፣ የቀረውን ቆራሌው ያነሣዋል። ግን የአክስትህ ልጅ ያልነገረህን ልንገርህ። እዚያ መኪናው ከመግባትህ በፊት ነዳጁና ዘይቱ ተቀድቶ፣ በተበየደ ቸርኬ ላይ ተደላድሎ ይቆማል። ብዙዎቹ ግቢዎች ክሪክና የብረት መቁረጫ እሳት ይዞ መግባት ይከለክላሉ። ለምን እንደሚከለክሉ ከታች ያለውን አንብብ።

ጥያቄ፦ ማራኪ የሚኖሩ እናት ናቸው። የ17 ዓመት ልጃቸው ጋራዥ ውስጥ ሥራ እየለመደ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የቆሙ መኪኖች እየፈታ ዕቃ ያወጣል። ጓንት ልግዛለት ወይስ ጫማ ብለው ነው የጻፉት። መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር «መኪናው ድንጋይ ላይ ነው የቆመው ይለኛል፣ ችግር አለው?» ብለው ጨመሩ።

መልስ፦ እናታችን፣ ዋናው ጥያቄ መጨረሻ ላይ ያሉት ነው። አዎ፣ ችግር አለው። ትልቅ ችግር።

አንዲት ትንሽ አውቶሞቢል ወደ 1,000 ኪሎ ትመዝናለች። ጎማዋን ያወለቀው ሰው በክሪክ አንሥቶ፣ ድንጋይ ደራርቦ፣ ክሪኩን ይዞ ሄዷል። ድንጋዩ ዝም ብሎ የተቀመጠን መኪና ይችላል። ልጅዎ ግን ከሥር ገብቶ ዝም ብሎ አይተኛም። የዛገ ብሎን ላይ ቱቦ ሰክቶ በሙሉ ጉልበቱ ወደ ጎን ይጎትታል። መኪናው የሚወዛወዘው፣ ድንጋዩም የሚንሸራተተው ያኔ ነው። ብሎኬት ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ሳያስጠነቅቅ በአንዴ ነው የሚፈረካከሰው። ሞተሩ ወጥቶ ከሆነ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያደላ ትናንት ያልተነቃነቀው መኪና ዛሬ ይነቃነቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መሬታችን ሲርስ ክሪክም ድንጋይም ይሰምጣል። የዘይት ክሪክ ብቻውን አያስተማምንም፣ ጎሚኒው ሲያረጅ ቀስ እያለ ይወርዳል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ሰው ከመግባቱ በፊት መኪናው በብረት መደገፊያ ይቁም። ከሌለ ወፋፍራም የባሕር ዛፍ ጉማጅ፣ አንዱን ድርብ በሌላው ላይ አግድም እየደረደሩ። የወለቀ ጎማ ካለ ከነቸርኬው ከሥር ይግባ፤ መኪናው ቢወርድ እንኳ ጎማው ላይ ያርፋል። ያልተነሡት ጎማዎች ይታገዱ። ከዚያ ሁለት ሰው መኪናውን በኃይል ይግፋው። ከተነቃነቀ ማንም አይገባም። ብቻውንም አይግባ። ዲናሞ፣ ራዲያተር፣ መብራት ከላይ ይወጣሉ፤ «ከሥር ይፈጥናል» ስለተባለ ብቻ ከሥር መግባት የለበትም። የነዳጅ ታንኩ አጠገብ በእሳት እንዳይቆርጡ። ባዶ ታንክ ከሙሉ ይብሳል፣ የሚፈነዳው ውስጡ የቀረው ትነት ነው።

ይህን ለልጅዎ ብቻ አይንገሩት። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ አለቃውን «ፈራሁ» አይልም። የጋራዡ ባለቤት ዘንድ ራስዎ ይሂዱ። በስልክ አይሆንም፣ በእግርዎ ሄደው መኪናው የቆመበትን ይዩ። «ሥራችን ነው፣ ለምደነዋል» ካልዎት አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ይጥቀሱለት። ከ15 ዓመት እስከ 18 ያለ ልጅ ወጣት ሠራተኛ ነው፣ ሕይወቱን አደጋ ላይ የሚጥል ሥራ ማሠራት ክልክል ነው። አሁንም ካልሰማ ልጁን ያስወጡት፤ ጋራዥ ሞልቷል።

ጫማውን ይግዙለት፣ ጫፉ ብረት ያለውን። ጓንቱ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ የዛገ ብረት እጁን ቆረጠው። በአልኮል ጠረገው። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። በሳሙናና በብዙ ውኃ ታጠብና ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድ። ቴታነስ ከዛጉ አይደለም የሚመጣው፣ አፈርና እበት ውስጥ ካለ ጀርም ነው። የቆመ መኪና ደግሞ ሁለቱንም ጠግቧል። ከተከተብክ አሥር ዓመት ካለፈህ፣ ቁስሉ ጥልቅ ወይም ቆሻሻ ከሆነ አምስትም ቢሆን፣ መድገም ሊያስፈልግህ ይችላል።

ጥያቄ፦ ስፖኪዮው ተሰረቀ። ያገለገለ ልግዛ?

መልስ፦ ግዛ፣ ግን የራስህን መልሰህ እንዳትገዛ። መስታወቱ ላይ የተፋቀ የታርጋ ቁጥር ካየህ ለሻጩ መልስለት፣ አትግዛው። ደረሰኝ ጠይቅ። ሞተር የምትገዙ ደግሞ ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ያለ ነገር ነው፤ የቀረውን ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ኤርባግና የደኅንነት ቀበቶ ከተጋጨ መኪና ላውጣ?

መልስ፦ አታውጣ። በተጋጨ መኪና ውስጥ የነበረ ቀበቶ ሥራውን አንዴ ሠርቷል። ኤርባግ ባትሪው ተፈትቶም ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይይዛል፤ ቶዮታ ራሱ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ ይላል። መሪው አካባቢ ሥራ ካለህ የሚያውቅ ኤሌትሪሻን ይምጣ፣ አንተ ራቅ ብለህ ቁም።

ጥያቄ፦ የቆየ ኤንፒአር አይሱዙ ነው። የቀኙ ጎማ ተፈታ፣ የግራው ዳዶ ቱቦ ሰክተው ሁለት ሰው ቢቆምበትም ንቅንቅ አላለም።

መልስ፦ እያጠበቃችሁት ነው። በብዙዎቹ የቆዩ አይሱዙዎች የግራ ጎማ ዳዶ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ብሎኑ አናት ላይ «ኤል» የምትል የፈረንጅ ፊደል ፈልጉ። ካለች በተቃራኒው አዙሩ። ከቱቦው ላይ ግን ውረዱ።